የቦንጋው ልጅና አየር ላይ የቀረው ጎማ

ተማሪዎቻችን ሮቦት ሠርተው ለውድድር ቀረቡ ሲባል እናጨበጭባለን። ፎቶውንም እንቀባበላለን። የሮቦቱን ጎማ ግን ስንቶቻችን አየነው? እስቲ ዛሬ ጎንበስ እንበል።

አራት ጎማ በአንድ ግትር ሰሌዳ ላይ ከታሰረ፣ መሬቱ ትንሽ ሲጎብጥ አንዱ አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ የቀረ ጎማ ደግሞ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያሽከረክረው አይገፋም። ባሌስትራና ሞላ የሚያስፈልጉት ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ጭምር ነው። ጎጀብን ተሻግሮ ከጅማ ቦንጋ ለተጓዘ ሰው የአቀበት ቁልቁለቱ ነገር አይነገረውም።

መፍትሔው ግን የግድ ሞላ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ማርስ ላይ ያረፈችው ሶጆርነር ስድስት ጎማዎቿ በሚወዛወዙ ክንዶች ተያይዘው ያለ ሞላ ድንጋይ እየረገጠች ሄዳለች። የሠራት የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ነው።

በዚህ ላቦራቶሪ ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ የቦንጋ ልጅ ሠርቷል። ዶክተር ቅጣው እጅጉ የካቲት 1940 ዓ.ም. ቦንጋ ተወለዱ። ጅማ፣ ሚያዝያ 27 ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቀበላቸው። ቀጥሎ ጃፓን፣ ሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ፤ ያጠኑትም የአውቶሞቢል ምህንድስናን ነበር። ከመኪና ተነስተው አሜሪካ ሲደርሱ የጠፈር መንኮራኩርና ሳተላይት መሐንዲስ ሆኑ። ጥር 1998 ዓ.ም. በዚያው በስደት ምድር አረፉ።

ሶጆርነርን እሳቸው ሠሩ አላልንም። ጀግና ስናነግሥ ያልሠራውን ጨምረን መስጠት ልማዳችን ነውና ከወዲሁ እንናገር። የሠሩት በቂያቸው ነው።

እኛን የሚከነክነን ሌላ ነው። መንገዳቸውን ካርታ ላይ አስምሩት፦ ቦንጋ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሂሮሺማ፣ አሜሪካ። ዕውቀት በጨመሩ ቁጥር ከቦንጋ ራቁ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የሚፈልጉት ትምህርት ያለው እዚያ ነበር።

ዛሬ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ መቀመጫ ከተማ ሆናለች። ታዲያ የካፋ ልጅ ዛሬ ሮቦት ልሥራ ቢል ሞተሩን፣ ጥርሱን፣ የሚያሳየውን መምህር እዚያው ያገኛል ወይስ እንደ ቅጣው ሻንጣውን ይሸክፋል? ለአዲስ አበባዎቹ ተማሪዎች ማጨብጨባችን ደግ ነው። ግን አንዱ ጎማ ብቻ መሬት የነካ መኪና ሩቅ አይሄድም፤ ይህን ደግሞ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል።