የታጋዩና የወታደሩ ደብተር

ከባምቢስ ሽቅብ፣ ከካዛንቺስ በላይ ያለው የምኒልክ ግቢ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የወረዱ ተማሪዎችን ተቀበለ። አቶ መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን የተዉት በ1967 ዓ.ም. ነበር። ተማሪውን ከሥራው ሳያስነሳ በርቀት የሚያስተምረው የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ 1995 በንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ሰጣቸው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅም በርካታ የቀድሞ ታጋዮችን አስተማረ።

መልካም፤ ታጋይ መማሩን አልቃወምም። እኔን የሚከነክነኝ የሌላኛው ወታደር ነገር ነው። ከ450,000 በላይ የሆነው የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ገጠሬው ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ እየተሰጠው ወደ ቀዬው ተሸኘ። ከመካከላቸው የ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ በአፈሳ ከትምህርታቸው የተነጠቁም ነበሩ። ለእነሱስ ደብተሩን ማን ላከላቸው?