«አቤት» ያለውን ማን «አቤት» አለው?

በአማርኛችን «አቤት» ሁለት ሥራ አለው። የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «አቤት!» ይላል። ስሙ የተጠራ ሰውም «አቤት!» ብሎ ይመልሳል። ጯሂውም መላሹም የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ነው። በአገራችን ያለፈውን የግማሽ ምዕተ ዓመት የዕርዳታ ታሪክ ስናገላብጥ ግን ሁለቱ «አቤት»ዎች እምብዛም ሲገናኙ አናይም።

ዛሬ አንድ የዕርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያ ብትሄዱ የአስተያየት ሳጥን፣ ነጻ የስልክ መስመር ወይም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ታገኙ ይሆናል። ይህ ሁሉ ፈረንጆች ያመጡት አዲስ ፋሽን የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ተረጂው ሳጥን ሳይሰቀልለትም ይናገር ነበር።

በእግር የመጣ አቤቱታ

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬዎች አውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፈው የሚያልፈውን መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው የተነሡም ነበሩ፤ ፖሊስ መለሳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ሲያልፉ ማመልከቻ ይዞ መንገድ ላይ መጠበቅ የለመደ ሕዝብ መሆኑን አትርሱ። የት አቤት እንደሚባል ያውቃል። የጠፋው ሰሚ ነው።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚህ ረሃብ ያሳዩት ነገር ለክትትል ሠራተኞች ሁሉ ትምህርት ነው። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንደሚጠበቀው አልናረም። ለምን ቢሉ፣ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ነገር ስለሌለው ገንዘብ ይዞ ገበያ አልወጣም። ገዢ ከሌለ ደግሞ ዋጋ አይወጣም። ሕዝቡ እየተራበ እህል ከወሎ ይወጣ እንደነበርም ሴን ጽፈዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ደሴ ገበያ ቢቆም «ሁኔታው ደህና ነው» ብሎ ሊመዘግብ ይችል ነበር። ጥቂት ርቆ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ገበሬ ቢጠይቅ ግን እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰማ ነበር።

በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶ አንሥተው መጡ፤ ፎቶዎቹም በግቢው ውስጥ ታዩ። ዓለም ጉዳዩን ያወቀው ግን ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ነው። ገበሬው በእግሩ ሄዶ ከተናገረ ወራት አልፈዋል ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቱም ሲጮኽ

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። ቀጥሎም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። አሁን ቁጥር አለ፣ ሪፖርት አለ። ኮሚሽኑ መጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ አደጋው መምጣቱን ተናገረ። ለጋሾቹ ተጠራጠሩ። መንግሥት ደግሞ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል እየደገሰ ነበር። መልሱ የመጣው ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረምን ካሳየ በኋላ ነው።

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች ያንን ዘገባ አይተነዋል። የዘጋቢውን ስም እናውቃለን። በዚያ ሜዳ ላይ ከተቀመጡት ሰዎች የአንዱን ስም ንገሩን ብትሉን ግን እንጃ! ወቀሳው እኛንም ይነካል።

ከዚያ ሰፈራው መጣ። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተወሰደ፤ ብዙዎቹ ሳይፈልጉ። ዕርዳታውን የሚቆጣጠረው፣ ሰውን የሚያጓጉዘውና አቤቱታ ሊሰማ የሚገባው አንድ መንግሥት ነበር። የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ይህን በይፋ ቢቃወም በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ድርጅት ይህ ከደረሰበት ገበሬው ምን ይተንፍስ?

ዝርዝሩን የጻፈ፣ ቅሬታውንም የሚሰማ

የቀይ መስቀል ንቅናቄና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የሥነ ምግባር ደንብ፣ ለገንዘብ ሰጪው ብቻ ሳይሆን ለተረጂውም ተጠያቂ ነን ብለው ፈረሙ። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር፣ የተረጂዎች ስም በሕዝብ ፊት እንዲታይና ቅር ያለው አቤት እንዲል መመሪያ ወጣ።

ችግሩ መጀመሪያ ላይ ቅሬታውን የሚሰሙት በምልመላው እጃቸው ያለበት የቀበሌ ሰዎች መሆናቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱን የቻለ የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲቋቋም የተደረገው ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በገጠር ቀበሌ መልማዩም ሰሚውም ጎረቤታሞች፣ አልፎም ዘመዳሞች ናቸው። ዛሬ የተናገረ ሰው «በሚቀጥለው ዙር ስሜ ቢሰረዝስ?» ብሎ ይፈራል።

የ2015 ዓ.ም. ጉዳይ ይህን አሳየን። ለችግረኛ የተላከ እህል ገበያ ላይ ሲሸጥ ተገኘ። የዓለም የምግብ ፕሮግራምና በ2017 ዓ.ም. የተዘጋው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም ሰኔ ላይ በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። ሌባው ሰረቀ፤ ለወራት ጦሙን ያደረው ግን ያልሰረቀው ሆነ።

የተሰረቀን ጆንያ ቀድሞ የሚያይ ማን ነው? የመጋዘኑ ጎረቤት፣ የጭነት ሠራተኛው፣ ገበያ የወጣችው እናት። የቅሬታ መስመሮች ከዚያ በፊትም ነበሩ። መስመር መኖሩ ብቻ ግን ሰው ደፍሮ እንዲናገር አያደርግም፤ ለተናገረውም መልስ አያመጣም።

ስለዚህ ስንት ሳጥን ተሰቀለ፣ ስንት ስልክ ተደወለ የሚለው ሪፖርት ብዙም አያስደንቀን። የሚሰማው ሰው ዝርዝሩን ከጻፈው ሰው የተለየ ነው ወይ? ተናጋሪው ቀለቡ እንደማይነካበት ማን ዋስ ሆነለት? መልሱስ በስንት ቀን፣ በማን አፍ ይነገረዋል? ባለሥልጣንም ሆነ ድርጅት ስናገኝ እንዲህ ብለን እንጠይቅ።

የወሎ ገበሬ በ1965 የመጀመሪያውን «አቤት» ብሏል። የእሱ ድርሻ እዚያ ላይ አልቋል። ሁለተኛው «አቤት» የተጠራው ሰው ዕዳ ነው።