በቀዶ ህክምና ወቅት የጉበት ካንሰርን የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም ለምሥራቅ አፍሪካ ምን ይፈይዳል?

የጉበት ካንሰርን በቀዶ ህክምና ለሚያስወግድ ሐኪም ብርቱው ፈተና ብዙ ጊዜ ዋናው ዕጢ ሳይሆን አጠገቡ የተደበቁት ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ያልታዩ፣ በእጅ ሲዳሰሱም የማይለዩ ዕጢዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ እንኳ ከቀረ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ ኢንዶሳያኒን ግሪን፣ በአጭሩ አይሲጂ፣ የተባለ አረንጓዴ ቀለም ጥቅም ላይ ይውላል። በአሜሪካ ለህክምና የተፈቀደው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት የጉበትን አቅም ለመለካት አገልግሏል። የጃፓን ሐኪሞች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይኸው ቀለም በቀዶ ህክምና ወቅት የጉበት ካንሰርን ለይቶ እንደሚያሳይ አመለከቱ።

እንዴት ይሠራል?

ቀለሙ በደም ሥር ሲሰጥ ከደም ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ጤናማ የጉበት ህዋሳት ከደም ወስደው ከሐሞት ጋር ያስወግዱታል። ዕጢው ግን ይህን መውጫ ስለሚያውክ፣ ቀለሙ በውስጡ ወይም በዙሪያው ተይዞ ይቀራል። ከቀዶ ህክምናው ቀናት ቀደም ብሎ የሚሰጠውም ጤናማው የጉበት ክፍል እስኪጠራ ጊዜ ለመስጠት ነው።

በቀዶ ህክምና ክፍል ውስጥ ልዩ ካሜራ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን በጉበቱ ላይ ያሳርፋል። የቀረው ቀለም በምላሹ ሲያበራ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ከጉበት የተነሳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ዕጢው ራሱ ያበራል፤ ከአንጀት ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር ደግሞ ዙሪያው እንደ ቀለበት ይደምቃል። ይህ በተለይ ሐኪሙ ጉበቱን በእጁ መዳሰስ በማይችልበት የላፓሮስኮፒ ቀዶ ህክምና ይጠቅማል።

ዘዴው ገደብ አለው። ብርሃኑ ከጉበቱ ገጽ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ያለን ዕጢ አያሳይም፤ ለዚህ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ጉበቱ በሲሮሲስ ጠባሳ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ካንሰር ያልሆኑ እብጠቶችም ሊያበሩ ይችላሉ። አዮዲን ስላለበት የአዮዲን አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

ከቀዶ ህክምናው በፊት ያለው ችግር

ቀለሙ የሚጠቅመው ግን ለቀዶ ህክምና በጊዜ ለደረሰ ታካሚ ብቻ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገራት ተካሂዶ በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከግብፅ ውጪ ባሉት አገራት የታካሚዎቹ አማካይ የመኖሪያ ጊዜ 2.5 ወር መሆኑን አሳይቷል። በግብፅ 10.9 ወር ነበር። ዋናው ምክንያት አብዛኞቹ ታካሚዎች በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ወደ ሆስፒታል መምጣታቸው ነው።

ኬንያ የበሽታውን መንስኤ በማጥናት ረጅም ታሪክ አላት። ተመራማሪዎቹ ፒርስ እና ሊንሰል ከናይሮቢ በስተሰሜን በምትገኘው ሙራንጋ ባካሄዱትና በ1973 በታተመው ጥናት፣ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን መርዝ በምግብ ውስጥ በበዛበት ቆላማ አካባቢ የጉበት ካንሰርም ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተዋል። በ2004 ደግሞ በምሥራቅ ኬንያ በዚህ መርዝ የተበከለ በቆሎ 125 ሰዎችን ገድሏል።

ሌላው ዋና መንስኤ ሄፓታይተስ ቢ ነው። አፍላቶክሲንና ይህ ቫይረስ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ አደጋው እጅግ ይጨምራል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኬንያ በ2001፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2007 በመደበኛው የህፃናት ክትባት ውስጥ ተካቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት ህፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓታት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል።

ከዚያ በፊት ለተወለዱትና ቫይረሱ በደማቸው ላለ ሰዎች የቅድመ ምርመራ ወሳኝ ነው። ሲሮሲስ ያለባቸው ታካሚዎች በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ ይመከራል። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ፣ አረንጓዴው ቀለም ለሐኪሙ የሚያሳየው ነገር ለታካሚው ሕይወት ትርጉም ይኖረዋል።