አርማታውና ፌሮው፦ የአባጨጓሬ ቫይረስ ፕሮቲኖች የተለዩበት ታሪክ



ከሕክምና ወገን ለዚህ መጽሔት የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር ወይም በዕድሜያችን ስለሚመጣው የጉልበት ሕመም ምክር ቢጤ ጣል አድርጎ ይሰናበታል። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ አባጨጓሬ በሽታ ላወጋችሁ ነው። «ዶክተር፣ አባጨጓሬ ብትታመም አንቺን ምን አገባሽ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያገባኛል። የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ለልጃገረዶች የምንሰጠው ክትባት የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ብንከተል፣ ከመነሻዎቹ አንዱ የታመመ የሐር ትል ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ በጊዜው ለሕክምና ይጠቅማል ተብሎ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ እናገኛለን፦ ይህ ቫይረስ የተሠራው ከየትኞቹ ፕሮቲኖች ነው? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

የሐር ትሉ ቢጫ በሽታ

በጣሊያንና በፈረንሳይ ሐር የሚያመርቱ ገበሬዎች አንድ በሽታ ያስቸግራቸው ነበር። ትሉ ያብጣል፣ ቆዳው ቢጫ ይሆናል፣ በመጨረሻም ቆዳው ተቀዶ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። እኛ «የወፍ በሽታ» እንደምንለው ሁሉ እነርሱም ስሙን ከቢጫነቱ ወሰዱት። በ1856 ማኤስትሪ እና ኮርናሊያ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን ያንን ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ የሚያብረቀርቁና ብዙ ገጽ ያላቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አዩ። ከአንድ እስከ ጥቂት ማይክሮሜትር የሚሆኑ ስለነበሩ በተራ ማይክሮስኮፕም ይታያሉ። ብዙ ገጽ ስላላቸው ኋላ ፖሊሂድራ ተባሉ።

ታዲያ ምንድን ናቸው? ተሕዋስ ናቸው? የበሽታው ዝቃጭ ናቸው? በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው ጎሪዚያ የሐር ትል የሚያጠናው ቦሌ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ክሪስታሎቹ በአልካሊ እንደሚሟሙ አስተዋለ። የትሉም አንጀት አልካሊ ነው። በ1907 ደግሞ ፕሮቫዜክ የታመመውን ትል ፈሳሽ አጣርቶ ክሪስታሎቹን አስቀረ፤ የተጣራው ፈሳሽ ግን አሁንም ጤነኛ ትል ያሳምማል። እንግዲህ እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። ክሪስታል የሌለበት ፈሳሽ ያሳምማል፤ ትሉ ክሪስታሉን ሲበላም ይታመማል። ሁለቱም እውነት እንዲሆኑ ከተፈለገ፣ በሽታ አምጪው ከክሪስታሉ ውጭም ውስጥም መኖር አለበት።

ውስጡን ያየው በርጎልድ ነው። በ1947 ከጀርመኗ ቱቢንገን ባወጣው ሥራ ክሪስታሎቹን በቀጭን የሶዲየም ካርቦኔት ውሃ አሟሟ፣ በሴንትሪፊዩጅ አሽከረከረ፣ ከታች የተጠራቀመውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ያየው የዱላ ቅርጽ ያላቸው የቫይረስ ቅንጣቶችን ነበር። ከክሪስታሉ ክብደት አብዛኛው፣ 95 በመቶ ያህሉ፣ ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ ራሱ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ምሳሌው ቀላል ነው። ክሪስታሉ አርማታ ነው፤ የቫይረሱ ዱላዎች በአርማታው ውስጥ የተቀበሩ ፌሮዎች ናቸው። አርማታው ቫይረሱን ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከድርቀት ይጠብቀዋል፤ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ያቆየዋል። ሌላ አባጨጓሬ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው፣ የአንጀቱ አልካሊ አርማታውን ያፈርሰውና ፌሮዎቹ ይለቀቃሉ። በርጎልድ በብልቃጥ ያደረገው፣ አንጀቱ በተፈጥሮ የሚያደርገውን ነው።

የጄሉ ዘመን

ቀጣዩ ጥያቄ አርማታውስ ከምን ተቦካ፣ ፌሮውስ ከምን ተሠራ የሚል ነው። ይህን ለመመለስ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። መሣሪያው በ1970 መልክ ያዘ። በካምብሪጅ ይሠራ የነበረው ሌምሊ ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በጥራት የሚለይበትን ዘዴ ያሳተመው በዚያ ዓመት ነው። የሚገርመው፣ እርሱም ያጠናው የነበረው የአንድ ቫይረስን፣ ባክቴሪያ የሚያጠቃውን ቲ4ን፣ ራስ የሚገነቡ ፕሮቲኖች ነበር።

የዘዴው አሠራር እንዲህ ነው። ፕሮቲኖቹ ኤስዲኤስ ከሚባል ሳሙና ጋር ይፈላሉ፤ ቅርጻቸው ይፈታል፣ ሁሉም አሉታዊ ቻርጅ ይይዛሉ። ከዚያ በጄል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል። ትንሹ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ትልቁ ወደ ኋላ ይቀራል። ጄሉ ቀለም ሲነከር እያንዳንዱ ፕሮቲን በየመጠኑ መስመር ሆኖ ይታያል። የባዮሎጂና የባዮኬሚስትሪ ሰዎች ዛሬም በየቀኑ የሚሠሩበት ነው።

ተመራማሪዎች ከአባጨጓሬ የተገኘውን ክሪስታል አሟሙተው ጄል ላይ ሲጭኑት ግን፣ አንድ መስመር ሳይሆን ብዙ መስመር ያዩ ጀመር። እንግዲያው አርማታው ከብዙ ፕሮቲኖች የተቦካ ነው ማለት ነው?

አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተገኘው ምላሽ ይህ ነው፦ ከአባጨጓሬው አካል በተወሰደው ክሪስታል ላይ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኤንዛይም ተጣብቆ ይመጣል። ይህ ኤንዛይም በአልካሊ ይሠራል። ተመራማሪው ክሪስታሉን ለማሟሟት አልካሊ ሲጨምር፣ ሳያውቀው ኤንዛይሙንም ያነቃዋል። አንዱ ትልቅ ፕሮቲን ይቆራረጥና ቁርጥራጮቹ በጄሉ ላይ ብዙ ፕሮቲኖች መስለው ይቆማሉ። ክሪስታሉ ከመሟሟቱ በፊት ሞቆ ኤንዛይሙ ሲገደል፣ ወደ 30 ሺህ ዳልተን የሚጠጋ አንድ ጉልህ መስመር ቀረ። ይህ ፕሮቲን ዛሬ ፖሊሂድሪን ይባላል።

የሕክምና ጓዶቼ ይህችን ነገር በደንብ ታውቋታላችሁ። ደም ሲቀዳ ቀይ ሕዋሳቱ በቱቦው ውስጥ ከፈረሱ ፖታሺየሙ ከፍ ብሎ ይነበባል። ውጤቱን ብቻ ያየ ሐኪም ልብ ሊቆም ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ሕመሙ ግን የቱቦው እንጂ የታካሚው አይደለም። ናሙና በእጃችን ላይ ይለወጣል። በነፍሳት ቫይረስ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ነገር የተገኘው በውድ መሣሪያ ሳይሆን «ይህ መስመር ከትሉ ነው ወይስ ከእኛ አሠራር?» ብሎ በመጠየቅና ናሙናን በማሞቅ ነው።

ፌሮውን መፍታት

አርማታው ከታወቀ በኋላ ተራው የፌሮው ሆነ። ማክስ ሰመርስ እና ጌል ስሚዝ በ1978 በርካታ የዚህ ቤተሰብ ቫይረሶችን፣ ማለትም ባኩሎቫይረሶችን፣ ጎን ለጎን አድርገው የፕሮቲን መስመሮቻቸውን ያወዳደሩበትን ጥናት አሳተሙ። ቫይረስ ከቫይረስ የሚለይበት የየራሱ የመስመር አሰላለፍ እንዳለው ታየ።

ግን መስመር ማየት አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ፕሮቲን የት እንደተቀመጠ ማወቅ ሌላ። ለዚህ የተጠቀሙበት ብልሃት ልጅ የሽንኩርት ልጣጭ እንደሚልጠው ያለ ነው። ቅንጣቱ ለስለስ ባለ ሳሙና ሲታጠብ የውጭ ሽፋኑ ይሟሟል፤ ውስጠኛው ዱላ፣ ኑክሊዮካፕሲዱ፣ ይቀራል። ከታጠበ በኋላ ከጄሉ የጠፋው መስመር የሽፋኑ ፕሮቲን ነው፤ የቀረው የዱላው ነው። የዱላው ዋና ግድግዳ 39 ሺህ ዳልተን ገደማ የሚመዝን ሆኖ ተገኘና ቪፒ39 ተባለ። በውስጡ ዲኤንኤውን ጠቅልሎ የያዘው ደግሞ በአርጂኒን የበለጸገ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ በወንድ ዘር ውስጥ ዲኤንኤን የሚያጨቀው ፕሮታሚን ወንድም ይመስላል።

ሌላም ግኝት ነበር። ይህ ቫይረስ ሁለት ልብስ አለው። በአርማታ የሚቀበረው ከአባጨጓሬ ወደ አባጨጓሬ የሚተላለፈው ነው። ሌላው ያለ አርማታ ከሴል ወደ ሴል የሚዛመተው ነው፤ የሽፋኑ ዋና ፕሮቲንም ጂፒ64 የሚባል ነው። የፕሮቫዜክ የ1907 እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ተፈታ። የተጣራው ፈሳሽ ያሳመመው፣ አርማታ ያልለበሰው ቫይረስ በውስጡ ስለነበረ ነው።

በ1994 የዚህ ቤተሰብ ዋነኛ ተጠኚ የሆነው ቫይረስ ሙሉ ዲኤንኤ፣ 134 ሺህ ገደማ ፊደል፣ ተነበበ። በ2003 ደግሞ በአርማታ ውስጥ በሚቀበረው ቅንጣት ብቻ ከ40 በላይ ፕሮቲኖች ተለይተው ተዘረዘሩ። ከማኤስትሪና ኮርናሊያ ማይክሮስኮፕ እስከዚህ ዝርዝር 147 ዓመት መሆኑ ነው።

ታዲያ ምን ጠቀመ?

ወደ እኔ ሙያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፖሊሂድሪን ከታወቀ በኋላ ሁለት ነገር ግልጽ ሆነ። አንደኛ፣ የተጠቃው ሴል በበሽታው መጨረሻ ላይ ይህን ፕሮቲን በገፍ ያመርታል። ሁለተኛ፣ በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ፀሐይም ዝናብም ስለሌለ ቫይረሱ አርማታ አያስፈልገውም። እንግዲህ አስቡት፤ በከፍተኛ ጉልበት የሚሠራ ነገር ግን ቢወጣ ምንም የማይጎድልበት ጂን! ስሚዝ፣ ሰመርስና ባልደረባቸው በ1983 በፖሊሂድሪን ቦታ የሰውን ቤታ ኢንተርፌሮን ጂን አስገቡ፤ የነፍሳቱ ሴሎችም የሰው ኢንተርፌሮን አመረቱ። ሎይስ ሚለር የተባለች ተመራማሪም ከባልደረቦቿ ጋር በ1984 የባክቴሪያ ኤንዛይም በተመሳሳይ መንገድ አስመረተች።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ሴሎች ዋነኞቹ የተገኙት ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ከተባለች ነፍሳት እንቁልጢ ነው። ይህችን ነፍሳት የግብርና ምሩቃኖቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቋታል፦ በ2017 አገራችን ገብታ በቆሏችንን የበላችው የአሜሪካ መጤ ተምች ናት! የገበሬያችን ጠላት የሆነችው ተምች በላቦራቶሪ ክትባት አምራች ናት።

በ1992 ሎዊ፣ ሺለርና ባልደረቦቻቸው የፓፒሎማ ቫይረስን የግድግዳ ፕሮቲን፣ ኤል1ን፣ በዚሁ ዘዴ በነፍሳት ሴል አስመረቱ። ፕሮቲኑ ያለ ምንም ዲኤንኤ ራሱን በራሱ ገጣጥሞ ቫይረስ የሚመስል ባዶ ቀፎ ሠራ፤ ሰውነትም በቀፎው ላይ ጠንካራ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት መሠረቱ ይህ ቀፎ ነው። ከክትባቶቹ አንዱ፣ በ2007 አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ሰርቫሪክስ፣ የሚመረተው በነፍሳት ሴል ነው። እኛ አገር በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመርነው ጋርዳሲል በእርሾ የሚመረት ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ባዶ ቀፎ ነው። በነፍሳት ሴል የሚመረት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በ2013 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፤ በ2021 መጨረሻም የኖቫቫክስ የኮቪድ ክትባት ተከተለ።

የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎች ወደ እኛ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ ያኔ የምናደርገው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ የቫይረስ ግድግዳ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ለእኔ የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም።

ለእኛ የሚቀርልን

በ1975 ክሪስታል የሚያሞቅ ተመራማሪ ገንዘብ ሰጪ ፊት ቀርቦ «ይህ ለሕዝብ ጤና ምን ይጠቅማል?» ቢባል፣ ክትባት ብሎ ሊመልስ አይችልም ነበር። ሁሉም መሠረታዊ ጥናት ክትባት ይወልዳል እያልኩ አይደለም፤ አብዛኛው አይወልድም። የትኛው እንደሚወልድ ግን ቀድሞ የሚያውቅ የለም። በየስብሰባው «አፋጣኝ ጥቅሙ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብቸኛ ወንፊት ካደረግነው፣ ፖሊሂድሪንን የመሰለውን ጥያቄ ከግርዱ ጋር አበጥረን እንጥለዋለን።

የአገራችን ተምችም የራሱ ባኩሎቫይረስ አለው። ታንዛንያ ውስጥ ይህንኑ ቫይረስ በተምቹ ላይ ከአውሮፕላን በመርጨት ተሞክሯል። የእኛም ማሳ የታመመ አባጨጓሬ አያጣም፤ በሽታው ያፈሰሰው አባጨጓሬ ከቅጠል ጫፍ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህን ለማጥናት የግብርናው፣ የባዮሎጂውና የሕክምናው ክፍል አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አሁን የሚለያየን የግቢ አጥር ነው።

ምሩቃንም የምንችለው አለ። ለዩኒቨርሲቲያችን ስጦታ ስናስብ ሪባን የሚቆረጥለት ትልቅ ማሽን ይታየናል። ማሽኑን የሚያሠራው ግን ኬሚካሉ፣ ጥገናውና የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኑ ደመወዝ ነው። በየዓመቱ ለጥቂት ተማሪዎች የጄልና የኬሚካል ወጪ የሚሸፍን አነስተኛ ፈንድ ማኅበራችን ቢያቋቁም፣ ጥያቄውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። መምህሮቻችንም አንድ አደራ አለብዎት፦ ተማሪው ያልተጠበቀ መስመር በጄሉ ላይ ሲያይ፣ መጀመሪያ ናሙናውን እንዲጠራጠር ያስተምሩልን።

መልካም መገናኛ ይሁንልን።