አርብ ገበያ በካርታና በአረጋውያን አንደበት

ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1683 ያሳተመው የኢትዮጵያ ካርታ ከቀደሙት የላቀው፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ስለ አገራቸው በቃል ባስረዱት ዕውቀት በመታገዙ ነው። ሆኖም ቤጌምድርን ያሰፈረው ይህ ካርታ የገጠሩን ገበያ የሚያሳይበት ስፋት አልነበረውም።

የታች ጋይንቷን አርብ ገበያ ታሪክ ለሚያጠና ግን ስሟ ራሱ ሰነድ ነው፤ ከተማዋ የተጠራችው በገበያ ቀኗ ነውና። የዘመኑ ካርታ በስተደቡብ አገሩን ከወሎ የሚለየውን የበሽሎን ሸለቆ ያሳያል። ነጋዴው በየትኛው መልካ ይሻገር እንደ ነበረ፣ የት ያድር እንደ ነበረ የሚናገሩት ግን አረጋውያን ናቸው።

እነርሱ ሳይጠየቁ ካለፉ ይህን የሚተካ ካርታ የለም። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ካርታውን በፊታቸው ዘርግተው የመንገዱን፣ የመልካውንና የማደሪያውን ስም ከአንደበታቸው እየሰሙ በየቦታው ሊጽፉ ይገባል።