በአሮጌ ግድግዳ ላይ አዲስ መስኮት

የጥንቱ የደብረ ታቦር ገጠር ጎጆ መስኮት አያውቅም። ብርሃኑ በበሩ ይገባል፤ ጭሱ በሣር ክዳኑ እየተጣራ ይወጣል። ታዲያ አባቶቻችን መስኮት የሚባል ነገር ጠፍቷቸው ነው? የለም። እዚያው ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ባለብዙ መስኮት ነው።

ምክንያቱ ሌላ ነው። አንዱ ብርድ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ሌላው ስጋት ይመስለኛል። ከተማዋ ከየጁ ራሶች እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ድረስ የጦር መናኸሪያ ነበረች። ጦር ባለበት ወታደር ገበሬው ቤት ይመራል፣ ጎተራው ይራቆታል። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሱ ከተማዋን አቃጥለዋት ነው የሄዱት። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ በር መጠበቁ ራሱ ከባድ ነው፤ ሁለተኛ ቀዳዳ ማን ይከፍታል?

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ1696 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. ግብር በመስኮት ቁጥር ይጣል ስለነበር ብዙ ሰው መስኮቱን በጡብ ደፍኗል። እዚያ ግብር፣ እዚህ ጦር፤ ጨለማ የወረሰው ግን ቤቱን ነው።

ዘመን ሲለወጥ ሣሩ በቆርቆሮ ተተካ። ቆርቆሮ ደግሞ ዝናብ ይከላከላል እንጂ እንደ ሣር ጭስ አያሳልፍም። ያን ጊዜ መስኮት ጌጥ መሆኑ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ገምቷል። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የመኖሪያ ቤትን ጤንነት ከትምህርቶቹ አንዱ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም።

አሮጌ ግድግዳ መብሳት ግን ጨርቅ እንደ መቅደድ አይደለም። በጭቃ ቤት ማገሩ ቢቆረጥ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ጣራ የተሸከመውን ቋሚ እንጨት ሳይደግፉ መቁረጥ ግን ቤቱን ማጉበጥ ነው። መቃኑና ጉበኑ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ይበሳል፣ በመጨረሻ በጭድ ጭቃ ይመረጋል። ከበሩ ትይዩ ቢሆን አየሩ ይመላለሳል። የጎረቤትን ገመና እንዳያይ ማሰብም ደግ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። መስኮት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው እንግዳ የሚቀመጥበትና መንገደኛ የሚያየው ወገን ነው። ልጅ አዝላ እንጀራ የምትጋግረው እናት ግን ከጓዳ ዓይኗን እያሸች ትቀራለች። ጦሩ ከሄደ፣ ግብሩም ከሌለ፣ የመጀመሪያው መስኮት ለማድ ቤቱ ቢወጣ ምን ይለናል?