መረቡና አዋጁ በወለጋ

በኢትዮጵያ የቴሌኮሚኒኬሽን ታሪክ ሕግና መሣሪያ ተነጣጥለው አያውቁም። የቴሌኮሚኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም አገልግሎቱ በአንድ የመንግሥት ተቋም እጅ ሆነ፤ መሐንዲሱም መረቡን የዘረጋው ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ ነው። ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡም ሆነ ከደምቢ ዶሎ የሚነሣ ጥሪ ለብዙ ዘመን ያለፈው በዚያው በአንዱ መረብ ነበር። ጥሪን የማገናኘቱን ሥራ ኮምፒዩተር ከተረከበ ወዲህ ደግሞ አንድን አውራጃ ከዓለም ለመለየት ሽቦ መቁረጥ አላስፈለገም፤ ከማዕከል የሚሰጥ ትእዛዝ በቂ ሆነ።

የዚህ ውጤት በወለጋ በጉልህ ታየ። የመንግሥት ኃይሎች ከታጣቂዎች ጋር በሚዋጉበት ወቅት፣ ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት መዘጋቱን፣ የስልክ ጥሪም የሚሠራው በትልልቅ ከተሞች ብቻ መሆኑን ነዋሪዎች ተናገሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃን የመሻት፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነጻነትን ሲያረጋግጥ ገደብ የሚጣለው በሕግ መሆኑን ይደነግጋል። ሆኖም በዚያ ወቅት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልታወጀም፤ የመዘጋቱን ምክንያትና የሚያበቃበትን ቀን የሚገልጽ ትእዛዝም ለሕዝብ አልቀረበም።

ወለጋ በዚህ ዝምታ ውስጥ ሳለ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። አዋጁ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የተከለከለ ጽሑፍን እንዲያነሡ ይጠይቃል። ለአንድ ጽሑፍ በሰዓት የተቆጠረ ወሰን ሲበጅ፣ የዞኖቹ ሕዝብ ግን ድምፁ መቼ እንደሚመለስለት የሚያውቅበት ቀን አልነበረውም። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን፣ ከ88 ቀናት በኋላ፣ የኮሮና በሽታ በአገር ውስጥ መገኘቱ በታወቀ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለአዳዲስ ድርጅቶች በሩን ከፍቶ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን የመረቦች መብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አንድ ትእዛዝ ሁለቱንም ሊዘጋ ይችላልና። መሣሪያው ትእዛዝን ከነሰዓቱ መመዝገብ፣ የአምቡላንስን ጥሪ ለይቶ ክፍት ማቆየትም ይችላል። ማን እንደሚያዝ፣ ለስንት ቀን እንደሚያዝ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚጠየቅ መጻፍ ግን የሕግ ፋንታ ነው። ሕጉ ይህን በግልጽ ሲጽፍ መሐንዲሱም መረቡን በዚያው ልክ ለመሥራት መመሪያ ያገኛል።